ጨፍረን እንገባለን

ሮቤ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በሦስቱም ዓመት ጨፍሬያለሁ። ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም። ያንን ጊዜ ሳነሳ አንዳንድ ወዳጆቼ «ያኔ ልጅ ነበርሽ» እያሉ ሊያለባብሱልኝ ይሞክራሉ። የሚለባበስ ነገር የለም። ልጅ አልነበርኩም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ ድርሰት ሳርም ከርሜ ቅዳሜ ማታ መጨፈር አምሮኝ ጨፈርኩ። በቃ።

ጭፈራ ቤቱ ድሮ የስንዴ መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ግድግዳውን ቀይ አስቀብቶ፣ ባለቀለም አምፖል ሰቅሎ፣ ድምፅ ማጉያ ከአዲስ አበባ አስጭኖ «ናይት ክለብ» አለው። ቀለሙ የስንዴውን ብናኝ አላስለቀቀውም፤ ሰው ሲሞቀውና ሲዘል ከወለሉ ስንጥቅ አቧራ እየተነሳ ያስነጥሰን ነበር። በአጨዳ ወራት ኮምባይነሮቹ ከየማሳው ሲመለሱ ቤቱ ጢም ይላል። የእህል ነጋዴው፣ የኮምባይነር ሠራተኛው፣ የወረዳው ሠራተኛ፣ ከጎባ በመጨረሻው ሚኒባስ የመጣው ሁሉ እዚያ ነው። ውጭ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ ነው፤ ውስጥ ሹራብ አውልቀህ ወገብህ ላይ ትቋጥራለህ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ በብርዱ አላማርርም፤ የባሌን የአንገት ጭፈራ ለመልመድ ግን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የምንሄደው ሦስት ሆነን ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ሰው የሚጠራው በሚያስተምረው ነውና እኔ «የአማርኛዋ» ነኝ። «የባዮሎጂዋ» እዚያው ቅርብ የገሰራ ልጅ ናት፤ አገሩን፣ ቋንቋውንና ወጉን ጠንቅቃ ታውቃለች። «የሒሳቧ» ደግሞ ከሁላችንም ታናሽ ናት፤ ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች፣ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ ያልጨረሰች። ሦስታችንም የተከራየነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ዘመኑ መንግሥት ሠራተኛውን ሁሉ «አንድ ለአምስት» ብሎ ያደራጀበት ነበር። አንዱ አምስቱን ይከታተላል፣ በየሳምንቱ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሥራው ግን ያው በነበረበት ነው። እኛ የራሳችንን «አንድ ለሁለት» አቋቋምን። ቃለ ጉባኤ አልነበረውም፤ ግን ይሠራ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየቅዳሜው አንዳችን በተራ ዘበኛ እንሆናለን። ዘበኛ ቢራ አትቀምስም፤ አምቦ ውሃዋን ይዛ ሁለቱን ታያለች። ጠርሙስ የሚከፈተው ዓይናችን እያየ ነው፤ ቆርኪውን ከአስተናጋጇ ተቀብለን ኪሳችን እንከታለን። ለመጨፈር ስንነሳ ጠረጴዛ ላይ የተውነው መጠጥ ተመልሰን አንጠጣውም፣ ግማሽም ይሁን ሙሉ። ሽንት ቤቱ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ማንም ብቻዋን አትሄድም። ዘበኛዋ «ደወል ተደወለ» ካለች ደግሞ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ዘፈኑ የፈለገውን ያህል ቢጥም ተነስቶ መውጣት ነው። ደጅ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ባለጋሪ ይጠብቁናል። እኚህ ሰው አምስት ሰላት የሚሰግዱ፣ የጭፈራ ቤቱን ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ናቸው፤ ጋሪያቸው ላይ ቡልኳቸውን ተከናንበው እስክንወጣ ይቀመጣሉ።

የግቢያችን ባለቤትም ቢሆኑ የሚተኙት ሦስታችን መግባታችንን ሰምተው ነው። እሳቸውን «አዮ» ነበር የምንላቸው፤ እዚያ አገር እናት የምትጠራው እንደዚያ ነው። አዮ መጠጥም ጭፈራም አይወዱም። እሑድ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመው «ነጋ ቡልታኒ? ደህና አደራችሁ? ከሰይጣን ቤት በሰላም ገባችሁ?» ይሉናል። «በሰላም ገባን፣ ሰይጣንም ሰላም ብሎዎታል» እላቸዋለሁ። «አስተግፊሩላህ» ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሳቃቸውን ለመደበቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደንብ እያለን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

የአጨዳው ማብቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። ዘበኛዋ እኔ ነበርኩ። የባዮሎጂዋ ስትጨፍር፣ እኔና የሒሳቧ ተቀምጠን ሳለን አስተናጋጇ ሦስት ጠርሙስ ቢራ ጠረጴዛችን ላይ ደረደረች። ሦስቱም ተከፍተዋል። «ከወዲያ ነው የተላከው» አለችን። ወዲያ ስናይ አንድ ኮምባይነር የሚያከራይ የእህል ነጋዴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልን። አውቀዋለሁ፤ የተማሪዬ አባት ነው። በወላጆች ቀን መጥቶ ስለ ልጁ ውጤት በትሕትና ያነጋገረኝ ሰው ነው።

የሒሳቧ ጠርሙሱን አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ክፍት ነው። ምን ይሻላል?»

ያን ጊዜ የመለስኩላትን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ወላጅ ነው እኮ። የወላጅ ግብዣ ብንመልስ ነውር ነው። ለወጉ ያህል ቅመሺለት።»

ይሉኝታ ይሏታል ይህቺን። እኛ መምህራን ሌባ እንጠረጥራለን፣ ሰካራም እንጠረጥራለን፤ ወላጅ ግን አንጠረጥርም። ወላጅ ሲመጣ ወንበር እንለቃለን። ሰውየው ይህን አሳምሮ ያውቅ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ግማሹን እንኳ አልጠጣችም። «ጣሪያው ዝቅ አለብኝ» አለች። ሁለት ቢራ ጠጥታ በማግስቱ ፈተና የምታወጣ ልጅ ናት። ፊቷን ሳይ ዓይኗ እኔን ማየት አቁሟል። ብድግ ከማለቴ ሰውየው አጠገባችን ደረሰ፤ እጁን ብብቷ ሥር ከቶ እያነሳት ነው።

«ደክሟታል፤ እኔ ላድርሳት። መኪናዬ ደጅ ነው። ሰፈሯን አውቀዋለሁ።»

ሰፈሯን ማን ነገረው? እኔ አልነገርኩትም። ይህቺ አንዲት ቃል ናት ያነቃችኝ። ሌላኛውን ክንዷን ጨምድጄ ይዤ «ደወል ተደወለ» ብዬ ጮህኩ። የባዮሎጂዋ ከጭፈራው መሃል ሰው እየገፈተረች መጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ በልጅቷና በሰውየው መካከል ገባች። እሱ «ኧረ ቀስ፣ ምን ሆናችሁ» እያለ ይስቃል፣ ግን አይለቅም። እንደተያያዝን ደጅ ወጣን። በረኛው ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር፤ በዚያ ደመና ውስጥ ምን እንደታየው አላውቅም።

ፒክአፑ ሞተሩ እንደበራ ቆሟል። ባለጋሪው ግን ካሉበት ሆነው ሁኔታችንን አይተው ኖሯል፤ ፈረሳቸውን ነድተው ጋሪውን የግቢው መውጫ በር ላይ አጋደሙት። ፒክአፑ መውጫ አጣ።

«መንገድ ይልቀቁ» አላቸው ሰውየው።

«ኢንተልቲ ሂን ዴምቱ» አሉት። ልጅቷ አትሄድም ማለት ነው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከጋሪውም አልወረዱም። ሰው ከየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር እጁን ለቀቀ።

ቤት አልወሰድናትም። በጋሪው በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የባዮሎጂዋ በጎኗ አስተኝታ፣ ጆሮዋን አፍንጫዋ ላይ ደቅና ትንፋሿን ትሰማለች፤ እኔ ስንወጣ ከጠረጴዛው ያነሳሁትን ጠርሙሷን ታቅፌያለሁ። ተረኛዋ ነርስ ዓይኗን ገልጣ በባትሪ አየች፤ ከዚያ ጠርሙሱን፣ ከዚያ እኛን። «ይህ የቢራ ስካር አይደለም» አለች፤ ካርዱም ላይ ያንኑ ጻፈች። ልጅቷ የነቃችው ሲነጋጋ ነው። ፖሊስ ጋ እንሂድ ስንላት «ምን ብዬ ልናገር? የማስታውሰው ጣሪያውን ብቻ ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰኞ ርዕሰ መምህሩ አስጠራን። ሰውየው ቀድሞናል። ወላጅ ሆኖ አቤት ብሏል፤ መምህራኑ ሰክረው ሰደቡኝ፣ በደግነት ላድርሳቸው ብል አዋረዱኝ፣ ልጄን ለእነዚህ አደራ ልስጥ ወይ ብሏል። እኔ የነርሷን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ርዕሰ መምህሩ አላነሳውም። «መጀመሪያስ መምህርት ጭፈራ ቤት ምን ትሠራለች?» አለን። ከዚያ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት የተዘጋጀ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አሳየን። የተጻፈው ለሒሳቧ መምህርት ብቻ ነው። ለእኛ ለነባሮቹ ምክር ይበቃል አለ። እስከ ዓርብ ወላጁን ይቅርታ ጠይቃ ከታረቀች ደብዳቤው ይቀራል፤ ካልሆነ ማኅደሯ ውስጥ ይገባል። በሙከራ ጊዜ ላይ ያለች መምህርት ማኅደር ውስጥ እንዲያ ያለ ደብዳቤ ገባ ማለት እንጀራዋ ተቆረጠ ማለት ነው፤ ከዚያም «ሰክራ የተባረረች» የሚል ስም ይዛ አርባ ምንጭ ትገባለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ተረት ለዚህ ካልሆነ ለምን እንደተተረተ አላውቅም።

ያን ቀን ማታ ክፍሏ ገብቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። አለቀስኩም። እሷ አላለቀሰችም። ደብተር እያረመች ነበር፤ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አዎ፣ ጠጪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ተናድጄብሻለሁ፤ ገና እናደድብሻለሁ። ግን የጨመረበት እሱ ነው። የራስሽን ያዢ፣ የሱን ለሱ ተይለት።»

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ነጋዴው የላካቸው ናቸው። ነጠላ የለበሱ፣ የተከበሩ፣ ቃላቸው የሚያምር ሰዎች ናቸው። ልጅ ናት፣ ጉልበቱን ትሳም፣ ነገሩ በዚህ ይቋጭ አሉ። ደግሞም ጭፈራ ቤት የሄደች ልጅ ብዙ ባትናገር ለራሷ ይሻላታል አሉ። የሒሳቧ እጆቿን አጣምራ መሬት መሬት ታያለች። አዮ በራቸው ላይ በርጩማ አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ይሰሙ ነበር። እዚህ ላይ መቁጠሪያው ቆመ።

«እሱስ እዚያ ቤት የሄደው ሊሰግድ ነበር?» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አዮን «እርስዎ እንኳ የሃይማኖት ሰው ነዎት፤ ለዚህ ነገር አይቁሙ» አላቸው።

«መጠጥ ሐራም ነው ብያቸዋለሁ። ነገም እላቸዋለሁ። ያንን ቤት አላህ ያፍርሰው» አሉ አዮ። «ግን በኔ ግቢ የምታድር ልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሩቅ ነች። እናት የላትም ያላችሁ ማነው?»

ሽማግሌዎቹ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። አዮ ወደ ሒሳቧ ዞረው «ያ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ በድሎሻል? በአፍሽ በይው» አሏት። «በድሎኛል» አለች። ድምፅዋን ከቅዳሜ ወዲህ ያን ያህል ጠንክሮ ሰምቼው አላውቅም። አዮ ጓዳ ገብተው ከአልጋቸው ራስጌ አንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ በቅቤ የወዛች በትር ይዘው ወጡ። የባዮሎጂዋ ስታያት ከተቀመጠችበት ተነሳች።

ሲንቄ ነበረች። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ናት። አይመቱባትም። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮሃለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሴት ደግሞ ሊጥም ይሁን ወጥ ትታ፣ የራሷን ይዛ መውጣት አለባት። እነዚያ በትሮች ከቆሙበት ማንም ወንድ አያልፍም። በዳዩ ካልታረቃቸው ሴቶቹ ቤታቸው አይገቡም። ይህን ሁሉ ያን ሌሊት የነገረችን የባዮሎጂዋ ናት። እኔ ባህል ሲባል ወዲያው እጄን የማጨበጭብ ሰው አይደለሁም፤ ባህል ተብሎ ስንቱን እንደተሸከምን አውቃለሁ። ያቺን በትር ግን ወደድኳት። የፈራሁት ሌላ ነው። «ከተማው ረስቶት ቢሆንስ? ማንም ባይወጣስ?» አልኩ። የባዮሎጂዋም እርግጠኛ አልነበረችም።

አዮ ግን ቀኑን መርጠውታል። ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከየገጠሩ ገብስና ድንች የያዙ ሴቶች በጠዋት ወደ ሮቤ የሚገቡበት ሰዓት ላይ በአንድ እጃቸው እርጥብ ሣር፣ በአንድ እጃቸው ሲንቄ ይዘው መንገዱ መሃል ቆሙና ድምፃቸውን ለቀቁት። እልልታ አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሴት ያንን ድምፅ ከየት እንዳመጡት አላውቅም። መጀመሪያ ድንች ሻጯ ጆንያዋን ጥላ ቆመች። ቀጥሎ ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ሊጥ በእጇ እንዳለ ወጣች። ቀጥሎ መቁጠር ተውኩ። በትር ያላት በትሯን ይዛለች፤ የሌላት ከመንገዱ ዳር ሣር ነጭታለች። እኛም ሣር ነጭተን ተከተልን። የደብረ ብርሃኗና የአርባ ምንጯ መሃል ላይ ነን፤ ማንም ከየት ናችሁ አላለንም።

ሴቶቹ የነጋዴው ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ስንዴ የጫነ አይሱዙ ከግቢው ሊወጣ ሲል ሹፌሩ በትሮቹን አየና ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሰውየው ወጣ፤ «እናቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?» እያለ ይስቃል። ሴቶቹ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀበት። ያን ጊዜ ከኋላው ሚስቱ ወጣች። የራሷን ሲንቄ ይዛለች። ባሏን በጎን አልፋው፣ ሴቶቹ መካከል ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። ሰውየው ስሟን ጠራ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ፀሐይ ስትበረታ የረቡዕ ሽማግሌዎች እየተጣደፉ መጡ፤ ርዕሰ መምህሩንም አስጠሩት። ነጋዴው ለካሳ ጊደር አምጥቼ እታረቃለሁ አለ።

«ጊደሯ ትቆይ» አሉ አዮ። «መጀመሪያ አፉ።»

«አጥፍቻለሁ» አለ።

«ምን?»

«ሰው ነኝ፣ ተሳሳትኩ።»

«ምን?»

ሽማግሌዎቹ ጣልቃ ገቡ። ይበቃል፣ ልጆቹም ለወደፊቱ ይታረሙ፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት ላይሄዱ ቃል ይግቡና ይመረቅ አሉ። ደሜ ፈላ። ተነስቼ «እኔ ቃል አልገባም» አልኩ። «ቅዳሜ ሲመጣ እሄዳለሁ። የሚታረመው ሰው እዚህ ቆሟል።» ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ ነገሩን ያበላሸሁት መሰለኝ። አዮ በትራቸውን ወደ እኔ ቀስረው «አንቺ ተቀመጪ። እሱን ቤታችን ገብተን እንጨቃጨቃለን፤ ገና ብዙ እነግርሻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ዛሬ የተከሰሰው ጭፈራ አይደለም። ምን አደረግህ ብዬዋለሁ።»

ሰውየው ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ መሬቱን አዩ። ሚስቱን አየ።

«አስከፍቼ ነው የላክሁት» አለ። «የጨመርኩበት ነገር አለ።»

አዮ በትራቸውን ምድር ላይ አኖሩ። ሽማግሌው ምርቃቱን ሊጀምር እጁን ሲዘረጋ የሒሳቧ ተነሳች። ሣሩን በእጇ እንደያዘች በሴቶቹ መካከል አልፋ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆመች።

«ሰምተዋል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ያንን ደብዳቤ ይዘውታል?»

ይዞታል፤ ማግስቱ ዓርብ ነውና ቦርሳው ውስጥ ነበር። አወጣው። ሊቀደው ሲል እጁን ያዘችው።

«አይቅደዱት። ጀርባው ባዶ ነው። አሁን የሰሙትን ይጻፉበትና ይፈርሙበት፤ ማኅደሬ ውስጥ እሱ ይግባ።»

ርዕሰ መምህሩ ኪሱን ዳበሰ፣ ቦርሳውን ፈተሸ። እስክሪብቶ አልያዘም። ከሽማግሌዎቹም የያዘ አልነበረም። ሁላችንም በየኪሳችን ስንፈልግ ነጋዴው ከደረት ኪሱ የራሱን አወጣ፤ እጁን ዘርግቶ አቀበለው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አይሱዙው ላይ አስደግፎ መጻፍ ጀመረ፤ እሷም ትከሻው አጠገብ ቆማ፣ የተማሪ ወረቀት እንደምታርም ሆና እያንዳንዱን ቃል እስኪጨርስ አነበበችው።